ፍሥሐ የፎከረ ዕለት

ውድ ወንድሜ አስማማው፣

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን አውቅሃለሁ፤ ገና የፍሥሐን ስም ስጠራ ትዘጋብኛለህ። ስለዚህ ጻፍሁልህ፤ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብብ። ክፉ ወሬ አይደለም።

ቅዳሜና እሁድ ደብረ ማርቆስ ነበርሁ። ለክረምቱ የሙዚቃና የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል የወረዳችን የባህል ቡድን ሲጋበዝ እኔም አጨብጫቢና ተቀባይ ሆኜ ሄድሁ። ሳቅ እንግዲህ! ቅዳሜ ዝናቡ ድንኳኑን ሊጥለው ምንም አልቀረው። መብራት ሲጠፋ ባለጊታሮቹ ልጆች ዝም አሉ፤ የእኛ ማሲንቆ ደግሞ መብራት አይጠይቅ፣ ሰዉ ሁሉ ወደ እኛ ጎረፈ። ሠዓሊዎቹ እንኳ ሥዕላቸውን በላስቲክ ሸፍነው እስክስታ ሊመቱ መጡ። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

ወደ ማምሻው ላይ አስተዋዋቂው የነገውን ፎካሪ ስም ጠራ፤ ፍሥሐ።

በዚያ የበዓል ጠብ እንዳላማውን በዱላ መትተህ ከገደልኸው ወዲህ እስራትህን ጨርሰሃል፤ ሽማግሌም ሁለቱን ቤት አስታርቋል። ታናሽ ወንድሙ ፍሥሐ ግን ያን ጊዜ መተከል ነበርና እርቁ ላይ አልማለም። አንተም እሱን ፈርተህ ደጀን ላይ የመኪና ጭነት ስታወርድ ቀረህ። አሁን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ሊፎክር ነው። በእኛ አገር ደግሞ ፎክሮ የተናገረውን የሚያጥፍ ወንድ የለም። ስምህን ጠርቶ ከዛተ አለቀልን አልሁ።

እሁድ መድረኩ ላይ ወጣ። ጠመንጃ ወደ ድንኳኑ አይገባም ስለተባለ ዱላ ይዟል። «ዘራፍ! የእንዳላማው ወንድም!» ሲል ማጨብጨቡ ጠፋብኝ። ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደና፦

«ጠመንጃ ወልውዬ ለደሙ ስነሳ፣
እናቴ አለችኝ፦ በቃኝ የልጅ ሬሳ!»

አንዲትም ሴት እልል አላለች። ገደልሁ የሚል ፎካሪ እንጂ ተውሁ የሚል ማን ሰምቶ ያውቃል? ሴት እልል ያላለችለት ፎካሪ ደግሞ ማፈሩ ነው። ፍሥሐ ጥርሱን ነክሶ መድረኩ መሃል ቆሞ ቀረ። እውነቱን ልንገርህ፣ ለአንተ ብዬ አይደለም፤ እሱ አሳዝኖኝ ነው እልል ያልሁት። ከዚያማ ሴቱ ሁሉ ተቀበለኝ።

ሲወርድ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«አንቺ ነሽ መጀመሪያ እልል ያልሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ለወንድምሽ ንገሪው። የእንዳላማው ሙት ዓመት መስከረም ላይ ነው። ይምጣና ከእናቴ እጅ እህል ይቅመስ። በሩ ላይ ቆሜ የማስገባው እኔው ነኝ።»

«ከልብህ ነው?»

«ምነው ሥራነሽ! ሰው ፊት ተናግሬ?»

እፎይ አልሁ፣ ወንድሜ። ስንመለስ ሚኒባሱ በዚያ ጭቃ እየተንገጫገጨ እኔ እንቅልፌን ለጠጥሁ። ካንተ መሄድ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

እማዬ ስነግራት አላመነችኝም፤ ደግማ ደጋግማ አስነገረችኝ። ስምህን የምትጠራው እስከ ዛሬ በሹክሹክታ ነበር፤ ማዶ ያሉት እንዳይሰሙ። ትናንት ግን ነጠላዋን አጣፍታ ደጅ ወጣች፤ ፊቷን ወደ እንዳላማው ቤት አዞረች፤ ልጅ ሳለህ ለእራት እንደምትጠራህ አድርጋ «አስማማው! አንተ አስማማው!» ብላ ተጣራች። እኔ ደንግጬ አፏን ልይዝ ነበር።

ከማዶ የእንዳላማው እናት ድምፅ መጣ።

«ይመጣል፣ እህቴ! ይመጣል!»

እንግዲህ ሁለት እናት አታሳፍር።

እህትህ ሥራነሽ