ፍልስፍና ተምረው ሸማ የሸጡት የአቶ ሰይፈሥላሴ ካሱ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሰይፈሥላሴ ካሱ ከአባታቸው ከሸማኔው ከአቶ ካሱ ዳና እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማሚቱ ሰኔ 12 ቀን 1968 ዓ.ም. በዶርዜ ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃውን አርባ ምንጭ ተከታትለው በ1987 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። አባታቸው ሲሸኟቸው ማኔጅመንት ተምረው እንዲመለሱ አደራ ብለዋቸው ነበር። እሳቸው ግን ፍልስፍናን መረጡ፤ በ1991 ዓ.ም. በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ።

አቶ ካሱ ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። ልጅዎ ምን ተማረ ለሚላቸው ሁሉ ግን ማኔጅመንት ነው ይሉ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታናሽ እህታቸው ዕድላዊትም አባቷን ላለማሳፈር አብራ ማኔጅመንት ስትል ኖራለች።

አቶ ሰይፈሥላሴ በአርባ ምንጭ ለሰባት ዓመታት የሥነ ዜጋ መምህር ሆነው አገልግለዋል። በ1996 ዓ.ም. ከወ/ሮ ትንሳኤ አለምሰገድ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሄራንንና ብዙነህን አፍርተዋል። ባለቤታቸው ገበያ በላኳቸው ቀን ከሽንኩርት ሻጯ ጋር ስለ ፍትሐዊ ዋጋ ሲከራከሩ ውለው ያለ ሽንኩርት መመለሳቸውን ወ/ሮ ትንሳኤ እስከ ዛሬ ያወሳሉ።

በ1998 ዓ.ም. አባታቸው አባል የሆኑበት የዶርዜ ሸማኔዎች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ሲፈልግ የአባትየውን ቃል አምኖ እሳቸውን መረጠ። አቶ ሰይፈሥላሴ ግን ሥራውን ከመቀበላቸው በፊት ሽማግሌዎች በሚመክሩበት ሜዳ፣ በዱቡሻ፣ ተነስተው የተማሩት ፍልስፍና መሆኑን በግልጽ ተናገሩ። አባታቸው ከፊት ተቀምጠው ነበር። ፍልስፍና ምን ይሠራል ተብለው ሲጠየቁ፣ ሁሉም እሺ ያለውን ነገር እንደገና መመርመር ነው አሉ። አንድ ሽማግሌም ይህንማ እኛ እዚህ ሣር ላይ ተቀምጠን ዘመናችንን ሙሉ ስንሠራው ኖረናል ብለው መረቋቸው፤ ሹመቱም ጸና። አቶ ካሱ ግን አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የልጃቸውን ትምህርት በአፋቸው አላነሱም።

ፈተናው አልዘገየም። በ2001 ዓ.ም. አንድ ነጋዴ የፋብሪካ ጨርቅ አቅርቦ የማኅበሩ ስም እንዲለጠፍበት ጠየቀ። ትርፉ ብዙ ነበርና አባላቱ ደስ አላቸው። ሥራ አስኪያጁ አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረቡ፦ "ሰው ከእኛ የሚገዛው ጨርቁን ነው ወይስ እጃችንን?" ክርክሩ ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ማኅበሩ ነጋዴውን አሰናበተ፤ በየጋቢውና በየነጠላው ጫፍ የሸማኔው ስም እንዲሰፋም ወሰነ። ቀጥሎ የመጡት ሁለት ዓመታት ከባድ ነበሩ፤ ፍልስፍና አይበላም እያሉ የወጡ አባላትም ነበሩ። በኋላ ግን የአርባ ምንጭ ሐይቅ ዳር ሆቴሎች ስም ያለበትን ጋቢ ፈልገው መጡ፤ የወጡትም ተመለሱ። ዛሬ ማኅበሩ አንድ መቶ አርባ ሸማኔዎች አሉት። ለአዲስ አባላት ከሙያው ሥልጠና ጋር የንባብና የክርክር ሰዓት የተጀመረው በእሳቸው ነው። ማሰብ ያልለመደ ሰው የሌላውን ጥለት ሲቀዳ ይኖራል የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው፤ ሥራቸውም ትክክል እንደነበሩ መስክሮላቸዋል።

አቶ ሰይፈሥላሴ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በአርባ ምንጭና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ49 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እህታቸውንና ወላጅ አባታቸውን ትተው አልፈዋል። እናታቸው ቀድመዋቸዋል።

የዚህ ጽሑፍ ረቂቅ ትናንት ከሰዓት ለአባታቸው ሲነበብ፣ ርእሱ አሁንም "የማኔጅመንት ባለሙያው" የሚል ነበር። የሰማንያ ሁለት ዓመቱ አቶ ካሱ ንባቡን አስቁመው፣ "እሱ የሁላችንንም ስም በሸማችን ላይ አሰፍቷል፤ እናንተም የተማረውን በስሙ ጻፉለት። ፍልስፍና በሉ" አሉ። ርእሱ የተቀየረው በእሳቸው ትእዛዝ ነው።

እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ ከቅዱሳኑ ጋር ያሳርፍ፤ ልጁን ለሚቀብር አባትም ጽናቱን ይስጥ። አሜን።