የተጠለለው የዘንገና ውኃ

ሰኞ፣ የካቲት 9
ከሐይቁ በጠርሙስ ያመጣኋቸው ነፍሳት ዘጠኝ ነበሩ፤ ዛሬ ስድስት ቀርተዋል። ዓርብ ኢንስፔክተሩ ከደብረ ማርቆስ ይመጣሉ። ማይክሮስኮፑ በውሰት የመጣ ነው፤ ዳይሬክተሩ “ጥቅም ላይ ካልዋለ ይመለሳል” የሚል ደብዳቤ አሳይቶኛል። ከተመለሰ የቆሰበር ትምህርት ቤታችን ሁለተኛ አያየውም።

ጥፋቱ የአፌ ነው። የትምህርት መጽሐፉ ወንዝ ከባሕር ጋር በሚገናኝበት ስለሚኖር እንስሳ ያወራል፦ አጥንት የለውም፣ ብርጭቆ ይመስላል፣ ጎኑ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ነገር አለው። የሚበላው ፕላንክተን ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነፍሳት። እነሱ ሲበዙ እሱም ይበዛል፤ ሲጠፉ ይኮሰምናል። ከማስተምረው ክፍል ባሕር ያየ የለም፤ እኔም አላየሁም። “ግድ የለም፣ ይህን የመብል ሕግ በዘንገና ሐይቅ እንስሳ አሳያችኋለሁ” ብዬ ፎከርኩ። ከሐይቁ ዳር ሃይድራ አመጣሁ፤ ክር የምታክል፣ አናቷ ላይ እጆች ያሏት፣ ስትጠግብ ከጎኗ ልጅ የምታበቅል። አሁን ልጅ ቀርቶ እናቶቹም እያለቁ ነው።

የጠረጠርኩት፦ ብርድ። ጠርሙሱ ላይ የቀረ ሳሙና። የተማሪ ጣት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10
አምስት። የቀሩትም ቁመታቸው አጥሯል። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አዞርኩት፤ መልሼ ወደ ጥላ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አያ ፈንታ ቆመው ያዩኝ ነበር። “የዘንገና ነገር ከዘንገና ሲወጣ አይበጅም ብዬዎት ነበር” አሉ። “እርስዎ በርዎን ይጠብቁ” አልኳቸው። የአባቴ እኩያ ናቸው። ወደ በራቸው ሄዱ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አፍሬያለሁ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅሁም።

ረቡዕ፣ የካቲት 11
አራት። አንዲት ጠብታ ውኃ በማይክሮስኮፑ አየሁ። ምንም የለም። ባለፈው ሳምንት የሃይድራ ምግብ የሆነው የውኃ ቁንጫ ሲርመሰመስበት የነበረው ውኃ ጠበል መስሏል። የሚበሉት አጥተው ነው ለካ። ግን አራት ሃይድራ ያን ሁሉ አይጨርስም። ታዲያ ማን?

ስጠይቅ አያ ፈንታ ደነገጡ። “እኔ ነኝ። በየማለዳው በነጠላዬ አጠልለዋለሁ” አሉ። ለምን? “አልቅት የፈለፈለበት መሰለኛ። እዚህ አገር ሳያጠልል ውኃ ማን ይጠጣል? ደግሞስ አደራ ብለውኝ የለም?”

ብዬ ነበር። “ውኃውን አደራ፣ ቆሻሻ እንዳይገባበት” ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ሌላ አንዲት ቃል አልነገርኳቸውም። ልጮህ የከፈትኩትን አፌን ዘጋሁት። አራቱም የተረፉት ጠርሙሱ ላይ ስለተጣበቁ ነው።

ከሰዓት በኋላ አብረን ዘንገና ወረድን። አያ ፈንታ ሐይቁን ይፈሩታል፤ ሆኖም እስከ ጉልበታቸው ገቡ። አረንጓዴውን ውኃ በነጠላቸው እያጠለሉ፣ ጨርቁ ላይ የቀረውን ለእኔ ሰጡኝ። “የሚጣለው ኖሯል የሚፈለገው” አሉ።

ሐሙስ፣ የካቲት 12
አራቱንም ላብላ ወይስ ለሁለት ልክፈላቸው? ሁሉንም ባበላ አልጋ በአልጋ ነው፤ ግን ሕጉ በምን ይታያል? ሁለቱን አረንጓዴው ውኃ ውስጥ፣ ሁለቱን የተጠለለው ውስጥ አደረግሁ። ሁለት ነፍስ እያየሁ አስርባለሁ። ደስ አላለኝም።

ተማሪው ሲወጣ ለአያ ፈንታ የአረንጓዴውን ጠብታ በማይክሮስኮፑ አሳየኋቸው። አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከድነው ብዙ ቆዩ። “ይህን ሁሉ ነፍስ ነው የደፋሁት?” አሉ። የማክሰኞውን ይቅርታ ያን ጊዜ ጠየቅሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 13
ኢንስፔክተሩ ረፋድ ላይ ደረሱ። ቸኩለዋል። ከተራቡት አንዷን አዩ፤ ከጠገቡት አንዷን አዩ። “ልዩነት አይታየኝም” አሉ።  

አያ ፈንታ ከበሩ ላይ ሆነው፣ “ጌታዬ፣ የጠገበችው ከወገቧ በታች ቡቃያ ነገር አላት። ትናንት አልነበረም፤ ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት” አሉ።

ኢንስፔክተሩ ዘወር ብለው አዩዋቸው። እንደገና ጎንበስ አሉ። አሁን አልቸኮሉም። ቀና ሲሉ አንዱ ውኃ የተጠለለ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ማን እንዳጠለለው ጠየቁ። አያ ፈንታ አንገታቸውን ደፉ። “አደራዬን በቅጡ ያልተናገርኩት እኔ ነኝ” ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

“ማይክሮስኮፑ ለጊዜው ይቆይ” ብለው ፈረሙ።

መኪናው ከሄደ በኋላ አያ ፈንታ “ለጊዜው ማለት ስንት ቀን ነው?” አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ሁለቱን ረኃብተኞች አረንጓዴው ውኃ ውስጥ ጨመርናቸው። ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠበቅን። ከቆይታ በኋላ አንደኛዋ እጆቿን ዘረጋች።