ከረግረጉ ማዶ፣ ገደሉ ድረስ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ጠዋት። ሲልቨር ስፕሪንግ

ከስላይጎ ክሪክ ወንዝ ዳር ገባሁ። ጫማ በር ላይ፣ ካልሲ መስኮት ላይ። ጾሙ ዛሬ ተያዘ፣ ፍልሰታ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የለም። ማታ ሥራ አለኝ፣ ፓርኪንግ።

ደብተር፣ አንተን ልጄ ሰላማዊት የገዛችህ የደም ግፊቴን እንድጽፍብህ ነው። አንድ ቀን ጻፍኩ፣ ሰለቸኝ። ወጣ ወረደ ከምልህ የት እንደ ሄድኩ ብነግርህ ይሻላል። ዛሬ በወንዙ ዳር እስከ ላይኛው ድልድይ። አጋዘን ከግልገሏ ጋር። አላፈገፈገችም፣ እኔም አላፈገፈግኩ። በኋላ እኔ ዞርኩ፤ እናት ናት።

ሐሙስ ኦፍ ነኝ፣ ሥራ የለኝም። ወደ ገደሉ ልሄድ ነው። የፓርኪንጉ ደንበኛ የሆነ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው የነገረኝ። ቼሳፒክ ባሕር ዳር፣ ከዚህ አንድ ሰዓት በላይ በመኪና። መጀመሪያ ጫካ፣ ከዚያ ረግረግ፣ መጨረሻ ባሕርና ገደል። ከገደሉ አጠገብ የዓሣ ጥርስ ይለቀማል ይላል፣ ከዕድሜው ብዛት ድንጋይ የሆነ። ከዚህ በፊት ሞክሬ ነበር፤ ሥራ እንዳይረፍድብኝ ከረግረጉ ተመለስኩ። አሁን ግን እስከ ጫፉ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 4። አሌክሳንድሪያ፣ ሰላማዊት ቤት፣ ሶፋዋ ላይ

ገደሉን አላየሁም።

ትናንት። ጫካው ጥላ ነበር። ዛፎቹ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፣ እሱን እየተከተልኩ። ጸሎቱ ራሱ ይወርድልኛል፣ ሳልፈልገው። ረግረጉ ጋ ዛፉ አለቀና ፀሐይ ጀመረ። ከውሃው በላይ የተነጠፈ የእንጨት መሄጃ አለ። እዚያ ላይ ሳለሁ ውሃው ውስጥ የበቀለው ፊላ መዞር ጀመረ። ቁጭ አልኩ። ከዚያ ጋደም።

ባልና ሚስት ደረሱብኝ። ሴትዮዋ ተንበርክካ ጠርሙስ አፌ ላይ አደረገች። ገፋሁት። ደግማ አመጣች። ደግሜ ገፋሁ። ፀሐይዋን በጣቴ አሳየኋት፣ ገና ነው ለማለት፣ ዘጠኝ አልሆነም ለማለት። ምን ይግባት። ባልየው ስልኩን አወጣ። በቃሬዛ ተሸክመው አወጡኝ። ፊቴን በክንዴ ሸፈንኩ።

ኢመርጀንሲ ክፍል ውሃውን በደም ሥሬ ሰጡኝ። ይኼስ ጾም ይሽራል ወይ እያልኩ ሳስብ እንቅልፍ ወሰደኝ። እንዲህ ነው የኔ ጭንቅላት።

ሰላማዊት ከሥራ በቀጥታ መጣች፣ የነርስ ልብሷን እንደ ለበሰች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የሆስፒታሉን ወረቀት አንብባ «ሰው ውሃ ሲሰጥህ ገፋህ፣ አባዬ?» ብቻ አለች። መኪናዬን ጫካው አፍ ላይ ከተውኩበት አስመጣችው። ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። አልሰጠችኝም።

እሁድ፣ ነሐሴ 6

ከቅዳሴ በኋላ የማኅበራችን ሰዎች ሊጠይቁኝ መጡ። ታደሰ ፊት ፊት። ታክሲ ነጂ ነው፣ በዕድሜ እኩያዬ፣ ምላሱ ከኔ የሰላ። ገና ሳይቀመጥ ጀመረኝ። እኛ ከጫካ ሸሽተን አሜሪካ መጣን፣ አንተ ቪዛ ደርሶህ መጥተህ ጫካ ትፈልጋለህ አለ። ሰው ሳቀ።

«በኛ አገር ጫካ የሚገባ ወይ ሽፍታ ነው ወይ መናኝ። አንተ የቱ ነህ?»

«ገና አልወሰንኩም» አልኩት።

«ለሽፍትነት ጠመንጃ የለህም። ለምናኔ ደግሞ ቦርጭህ አይፈቅድም።»

እኔም ሳቅኩ። ሰላማዊት ግን አልሳቀችም። ሲወጡ በር ላይ እንዲመክሩኝ ስትለምናቸው ሰማሁ። እንደ ልጅ።

ቂም አልያዝኩም። አይገባቸውም እንጂ። ባለቤቴ በላይነሽ ስትሞት እነዚሁ ሰዎች ናቸው ያስተዛዘኑኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው። ቤት ስጸልይ ጆሮዬ የሷን ኮቴ ይጠብቃል። ከማድ ቤት ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ ማድ ቤት። አፌ ይጸልያል፣ ጆሮዬ ሌላ ቦታ ነው። ጫካ ውስጥ የሚሰማው ኮቴ የኔ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ ጸሎቴ ሙሉ ነው። ይኼን ለማን አስረዳለሁ? ላንተ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 8

ሰላማዊት ሥራ ሄደች። ቁልፍ ወሰደች፣ እግር አልወሰደች። ከቤቷ ብዙም ሳይርቅ ረግረግ ያለበት ፓርክ አለ። ቀስ ብዬ። ረጅም እግር ያለው ግራጫ ወፍ ውሃ ውስጥ ቆሟል፣ እንደ ዲያቆን ቀጥ ብሎ። ኤሊዎች ግንድ ላይ ተደርድረዋል። እኔም ከነሱ ጋር ትንሽ ቆምኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ገባሁ፣ ምንም አልሆንኩም።

ማታ ጫማዬን አየች። ጭቃው አሳጣኝ።

ተነጋገርን። የሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት ሊዝ፣ የኪራይ ውሉ፣ በዚህ ወር ያልቃል፤ አታድሰው፣ እኔ ጋ ግባ አለች። ታች ያለውን ክፍል ቀለም አስቀብታለች፣ ሳትነግረኝ። የአዛውንቶች መዋያም አግኝታልኛለች። ቢንጎ አለ። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ስፖርት አለ። ደብተር፣ ሰው ተቀምጦ ወዴት ይደርሳል?

እንቢ አልኩ። መሄድ ካቆምኩ ጸሎቴንም ነው የምተወው አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። እሷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እማዬን ቀብሬያለሁ። አንተን ደግሞ ጫካ ለጫካ ልፈልግ?»

እንቢታዬ ግን እንዳለ ነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 10

ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ልጄን እንዲገሥጹልኝም አስቤ ነበር፣ አልደብቅህም።

አባ እሷን ትተው እኔን ያዙ። ውሃውን የገፋኸው ለእመቤታችን ነው ወይስ ለራስህ አሉኝ። ከዚያ ቀኖና ሰጡኝ። ስግደት ጠብቄ ነበር፤ ስግደት ጉልበቴ ያውቀዋል። እሳቸው ግን ውሃ ጠጣ አሉ። ጾሙ እስኪፈታ ድረስ፣ በእግርህ በሄድክ ቁጥር ትጠጣለህ፣ ሰው እያየህ። ካልጠጣህ አትሄድም።

«አባ፣ ሌላ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ሌላማ ይቀልሃል» አሉኝ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 11

ጠርሙስ ይዤ እስከ ፓርኩ በር። ክዳኑን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ተመለስኩ። አልጠጣሁም፣ አልሄድኩም። ሁለቱንም አጣሁ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 14። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤቴ

በሜትሮ ባቡር መጣሁ። ለሰላማዊት ልብስ ልቀይር ነው አልኳት። እውነት ነው፣ ልብስም ቀይሬያለሁ።

ትናንት ቡሄ ነበር። ቤ/ክ ልጆቹ እየጨፈሩ ሳሉ ነው ነገሩ የመጣልኝ። እጽፈዋለሁ፣ እንዳይጠፋ።

በላይነሽ በመጨረሻው ፍልሰታ ታማ ነበር። ከመድኃኒቱ ጋር በጠዋት እንድትበላ አባ አዘዟት። እያለቀሰች በላች። አይዞሽ፣ ያንቺንም ድርሻ እኔ እጾምልሻለሁ አልኳት። እንግዲህ ረግረጉ ላይ ጠርሙሱን የገፋው ይኼ ቃል ነው። አሁን ነው የገባኝ። ዘጠኝ ሰዓትን የምጠብቀው ለሁለት ሰው ነበር።

ግን እሷ ምን አደረገች? ታዘዘች። ቁርሷን በላች፣ እንባዋን ጠረገች። ድርሻዋ ያ ነበር። ድርሻዋን እይዛለሁ ካልኩ ያን ቁርስም መያዝ አለብኝ። እኔ የቀለለኝን ብቻ መርጬ ይዤ፣ ጾምኩላት እላለሁ።

ከሰዓት። ቢሮ ወርጄ ሊዙን አደስኩ። ፈረምኩ። ሰላማዊትን እወዳታለሁ። ቀለሙን ያስቀባችው ክፍል ውስጥ ግን አልገባም።

ለታደሰ ደወልኩ። ነገ ጠዋት ገደሉ ድረስ ውሰደኝ አልኩት። አበድክ አለኝ። አዎ አልኩ። ስንት ሰዓት ልምጣ አለ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 15፣ ከረፋዱ። ባሕሩ ዳር

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ደርሻለሁ።

ታደሰ የቤ/ክ ጫማውን አድርጎ መጣ፣ የሚያብለጨልጨውን። ጫካ ነው አላልኩህም ብለው፣ ለሬሳህ ክብር ነው የለበስኩት አለኝ። ጫካውን በሙሉ አጉረመረመ። ሥር ያደናቅፈዋል፣ ትንኝ ይነክሰዋል፣ አሜሪካንን ይረግማል። ጸሎቴን በሱ እርግማን መሐል አደረስኩ።

የወደቅኩበት ቦታ ስንደርስ ቆምኩ። ያው ፊላ፣ ያው ፀሐይ። ከወዲያ በኩል ሰዎች መጡ፣ ቤተሰብ ናቸው። ጠርሙሱን አወጣሁ። አሁን አልኩ። ጠጣሁ። ጉሮሮዬ አልቀበልም አለ፣ አገጬ ላይ ፈሰሰ። ደግሜ ጠጣሁ። ሰዎቹ ሃይ ብለውኝ አለፉ። ማንም አልገረመውም።

ታደሰ ፊቱን አዙሮ ነበር፣ ነውር እንዳላየ ሰው። ጠጣ እንጂ ስለው፣ ቀኖና የታዘዝከው አንተ ነህ፣ እኔ ጻድቅ ነኝ አለ። ግን ከዚያ ወዲህ ክንዴን ይዞኝ ነው የሄደው። ሲያጉረመርምም አልሰማሁም።

ገደሉ ቢጫና ቀይ ነው፣ ከአሸዋና ከጭቃ የተሠራ። ዛፎቹ ከአናቱ ላይ ሥራቸውን ወደ ባዶ ዘርግተው ቆመዋል። ሰሌዳ አለ፣ ይናዳል፣ አትቅረቡ ይላል። ይናድ ይሆናል። ዛሬ ቆሟል። እኔም ቆሜያለሁ።

ስልክ። ሰላማዊት ናት። አፓርትመንት ደውላ አጥታኝ። የት ነህ አለች። ገደሉ ጋ አልኩ፣ አልዋሸሁም። ውሃ ይዘሃል ወይ አለች። ጠጥቻለሁ አልኳት። ጠጣህ? አለች፣ ደግማ። ጾሙ ገና እንደሆነ ታውቃለች። በዚህ ሰዓት ውሃ ስጠጣ አይታኝ አታውቅም። ሊዙን እንዳደስኩም ነገርኳት። ያኔ ተቆጣች፣ በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ አልገባኝም። ሐሙስ ቁልፌን ይዘሽ ነይ፣ ውሃውን እኔ እይዛለሁ፣ ከፈለግሽ አብረሽኝ ትሄጃለሽ አልኳት። ዘጋችው።

ትቆጣ። ቁልፉን ካመጣች እሰየው። ካላመጣች ስላይጎ በእግሬ ነው፣ ፓርኩም በእግሬ ነው፣ ለዚህኛው ታደሰን እለምናለሁ፣ ታደሰ እንቢ ካለ ደግሞ

እየጠራኝ ነው። ከማዕበሉ ጫፍ ቆሞ፣ ያ ጫማው ረጥቦ፣ አንድ ነገር ከፍ አድርጎ ይዟል። ጥርስ ነው ይላል። ድንጋይ ይሆናል እንጂ። ልየው