በቁራኛ ታስረው በሰማይ የበረሩት አቶ ሀብተወልድ እንደሻው

አቶ ሀብተወልድ እንደሻው ከአባታቸው ከባሻ እንደሻው ወልደ ጊዮርጊስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተናኘወርቅ ኪዳነወልድ በ1890 ዓ.ም. በሐረር ከተማ፣ ፈላና በር በሚባለው የግንብ በር አጠገብ ተወለዱ። የእርሳቸውና የእኔ የታናሽ ወንድማቸው አባት በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዘው ጦር ጋር ገብተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ ወደ አገሬ እመለሳለሁ እያሉ ብዙ መስቀል አለፈ፤ የተከሉት ችግኝም ጥላ ሆኖ እኛን ሁላችንን አሳደገን።

አቶ ሀብተወልድ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ መድኃኔ ዓለም ደብር ገብተው ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ። ቀጥሎም ከሚሲዮኖች ዘንድ ፈረንሳይኛ ተማሩ። ሐረሪኛና ኦሮምኛ ግን ማንም አላስተማራቸውም፤ በሰፈሩ ሲራወጡ ያገኙት ነው። በ1908 ዓ.ም. የአባታቸውን በቅሎዎች ተረክበው ከሐረር ድሬዳዋ ዕቃ ማመላለስ ጀመሩ። ይህን ሥራ የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ ለደረሰባቸው ነገር ሁሉ መነሻው በቅሎ ነው።

በ1916 ዓ.ም. አንድ ነጋዴ ወደ ከተማችን የጭነት መኪና ሲያስመጣ፣ ከፈረንጁ መካኒክ ጋር የሚግባባ ሰው ተፈልጎ ወንድሜ ተገኙ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሾፌር ሆኑ። በዓመቱ ወይዘሮ ጽጌሬዳን ሲያገቡ ሙሽሪትን በመኪና ካላመጣሁ ብለው ነበር። ኤረር በር ሲደርሱ ሞተሩ ጠፋ፤ እኛ ሚዜዎች በነጭ ልብሳችን እየገፋን ከሠርጉ ቤት አደረስናቸው። ጽጌሬዳ ያን ቀን የሳቀችውን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ወንድሜ ያን ጊዜ ጠጅ ይወዱ ነበር። በቀብር ላይ ይህ አይነሣም ያሉኝ ዘመዶች አሉ፤ ነገር ግን እርሳቸው ራሳቸው ሳይደብቁት ኖረዋልና እኔም አልደብቀውም። አባታችንና ጓደኞቻቸው ከግብር ሲመለሱ ልጓሙን ለቀቅ ያደርጉና በቅሎዋ ከነስካራቸው ደጃቸው ታደርሳቸው ነበር። ወንድሜም በዚያው ልማድ ጠጥተው፣ የሚያውቁት መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ መሪውን ለቀቅ አደረጉ። መኪናው ግን ቤቱን አያውቅም። በ1918 ዓ.ም. ኤረር በር ላይ ተወትፎ እህል የጫነውን ገበያተኛ ሁሉ ከውጭ አስቀረ። ዳኛው በስካር ነድተዋል ብለው ፈረዱባቸው፣ ታሰሩም። እኛም ቤት ውስጥ እንደ ቀልድ አወራነው፤ ያን ማድረግ አልነበረብንም።

በ1920 ዓ.ም. በኅዳር ሚካኤል ማግስት ያው ስህተት ተደገመ። መሪው በተለቀቀበት ቦታ፣ ከጊደር መጋላ ገበያ በታች፣ ቁርኣንና ኪታብ በቆዳ የሚደጉሱት ኢስሓቅ ዐብዱልጀሊል ቆመው ነበር። እኛ እንደ ሰፈራቸው ሰዎች በአክብሮት አው ኢስሓቅ እያልን እንጠራቸዋለን። ቀኝ እግራቸው ከጉልበታቸው በታች ተሰበረ። ያን ቀን ማንም አልቀለደም።

ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ በአገሩ ሕግ ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ፣ ማለት እጅ ለእጅ በሰንሰለት ተያይዘው እንዲውሉ ታዘዘ። አው ኢስሓቅ መራመድ ስለማይችሉ በምትካቸው ወንድማቸው እንዲቆራኝ ዳኛው ፈቅደው ነበር። አው ኢስሓቅ እምቢ አሉ።

«እግሬን የሰበረው እሱ ነው። እስኪድን ድረስ እሱ እግር ይሁነኝ» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ወንድሜ የበደሉትን ሰው በጀርባቸው አዝለው ከረሙ። ከቤት ወደ ችሎት፣ ከችሎት ወደ መስጊድ፣ በዚያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ጠባብ መንገድ ሲያልፉ ከተማው ሁሉ እየወጣ ያያቸው ነበር። ሶላት ሲደርስ አው ኢስሓቅ ተቀምጠው ይሰግዳሉ፤ እጃቸውን ሲያነሡ የወንድሜም እጅ አብሮ ይነሣል። እሑድ ደግሞ አው ኢስሓቅ በመድኃኔ ዓለም ደጅ ላይ ተቀምጠው ቅዳሴው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጃሚላ መጀመሪያ ወንድሜን ቀና ብለው አያዩም ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን የገና ጾም መግባቱን ሰምተው ለብቻ ድስት ይጥዱላቸው ጀመር።

መጠጡ የቀረው በዚያ ወቅት ነው። ሰንሰለቱ ወደ ጠጅ ቤት የሚወስድ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የወንድሜ እጅ ሲንቀጠቀጥ ሰንሰለቱ አብሮ ይንኳኳ ነበርና ደህና ነኝ ቢሉ የሚያምናቸው አልነበረም። አው ኢስሓቅ ሲታዘቡ ቆይተው ቆዳና መርፌ አስያዟቸው። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ እጁ እያገዘ መጽሐፍ ደጎሱ። የመጀመሪያው ስፌት ጠማማ ነበር፤ ፍርዱ በተሰጠ ጊዜ ግን የወንድሜ እጅ ቀጥ ብሎ ነበር።

ፍርዱ ቀላል አልሆነም። እስራታቸውን ጨርሰው ሲወጡ መኪና እንዳይነዱ ተከልክለው ነበር። ለንስሐ አባታቸውም ሁለተኛ መጠጥ በአፋቸው ላያዞሩ ቃል ገቡ። ከዚያ በኋላ በአንድ ጋራዥ ውስጥ የሌላ ሰው መኪና እየጠገኑ፣ ለመንዳት ሲሆን ቁልፉን ለሌላ እየሰጡ ኖሩ። ያ ነገር ምን ያህል ያቃጥላቸው እንደነበር እኔ አውቃለሁ፤ ሞተሩ ተነሥቶ ሲሄድ እስኪሰወር ቆመው ያዩት ነበር።

በ1923 ዓ.ም. አውሮፕላን ከከተማው ውጭ ባለው ሜዳ ላይ አረፈ። ሞተሩ ሲበላሽ ወንድሜን ጠሯቸው። ጠግነው ሲመለሱ ልባቸው እዚያው ቀርቶ ነበር። አብራሪ ካልሆንኩ አሉ። እናታችን ምድር ላይ ያልተቻለው ልጅ ሰማይ ላይ ማን ይችለዋል ብለው አለቀሱ። እኔም ብሆን አልተቃወምኳቸውም፤ እናቴ ልክ ናቸው ብዬ ነበር።

ለአብራሪነት ተማሪ ሊመርጡ ሐረር የመጡት ሹም የወንድሜን የእጅ ሥራና ፈረንሳይኛ ወደዱት። ሁለቱ ፍርዶች ሲነገሯቸው ግን ያለ ጠንካራ ዋስ አይሆንም አሉ። እኔ ቀረብኩ፣ የንስሐ አባታቸውም ቀረቡ። ሹሙ ወንድም ለወንድሙ፣ ቄስ ለንስሐ ልጁ መመስከሩ የታወቀ ነው ብለው ሁለታችንንም መለሱን። ወንድሜም ነገሩ ማክተሙን አውቀው ባርኔጣቸውን አነሡ።

በዚህ መሐል አው ኢስሓቅ እያነከሱ ገቡ። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አልነገሩንም። ሹሙ ይህን ሰው ከየት ያውቁታል ብለው ጠየቋቸው። አው ኢስሓቅ እግራቸውን አሳዩ።

«ይህን የሰበረው እሱ ነው። ከእሱ ጋር በአንድ ሰንሰለት ከርሜያለሁ፤ እጁ ሲንቀጠቀጥም ሲጸናም አብሮኝ ነበር። ወላሂ፣ ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ።

ሹሙ ዋስነቱን በመዝገብ አሰፈሩ። ወንድሜ አዲስ አበባ ሄደው ተማሩ፤ በ1925 ዓ.ም. ፈተናቸውን አልፈው አብራሪ ሆኑ። በግብር ላይ ጓደኞቻቸው ጠጅ ሲያነሡ እርሳቸው ብርዝ ይዘው ይቀመጡ ነበር። ለምን እንደማይጠጡ ሲጠየቁ፣ ሐረር ውስጥ አንድ ሰው ያውቅብኛል ይሉ ነበር።

ወደ ሐረር መድኃኒትና ፖስታ ይዘው የመጡበትን የመጀመሪያ ቀን የከተማችን ሰው አይረሳውም። ከግንቡ በላይ ሲዞሩ ጊደር መጋላ ያለው ሚዛን ሁሉ ቆመ። እናታችን ነጠላቸውን ተከናንበው አላየሁም አሉ፤ በነጠላው ቀዳዳ ሲያዩ ግን እኛ አየናቸው። ወንድሜ ከአውሮፕላኑ እንደወረዱ መጀመሪያ የፈለጉት አው ኢስሓቅን ነበር። ከኋላው ወንበር አስቀምጠው ቀበቶውን በእጃቸው አጠበቁላቸው። አው ኢስሓቅ ከወረዱ በኋላ የድሮው ሰንሰለት ይሻላል፣ እሱ ቢያንስ ከመሬት አያነሣም ማለታቸው በሰፈሩ ብዙ ጊዜ ተወርቷል። ያ ዘመን ምንኛ መልካም ነበር! አሁን ሳስበው አጭር ሆኖብኛል።

በዚህ ዓመት በሚያዝያ ወር በብርድና በዝናብ ሲበሩ ከርመው ሳንባቸውን ታመሙ። ሐኪሙ ደረታቸውን እንዲያቀልላቸው በየጊዜው ጥቂት ኮኛክ አዘዙ። ወንድሜ አልጠጣም አሉ። ጽጌሬዳ ለመነቻቸው፣ የንስሐ አባታቸውም መድኃኒት ነው፣ ፈትቼሃለሁ አሏቸው፤ እምቢ አሉ። በመጨረሻ አው ኢስሓቅን ጠራናቸው። እርሳቸውም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ለሕመም ከሆነ እኔ ዋስህ ፈቅጃለሁ፣ ካስፈለገም ዋስነቴን አወርዳለሁ አሏቸው። ወንድሜ እጃቸውን ያዙና፣

«ካወረድክ ስድን ማን ያስበርረኛል? አታውርድ» አሉ።

አው ኢስሓቅ አላወረዱም። ሐኪሙ ኋላ እንደነገሩን መጠጡ ሳል ያስታግስ እንደሆነ እንጂ ዕድሜ አይጨምርም ነበርና፣ ማንም በዚህ ራሱን አይውቀስ። አቶ ሀብተወልድ በተወለዱ በሠላሳ ሰባት ዓመታቸው ሰኔ 12 ቀን 1927 ዓ.ም. በቤታቸው ዐረፉ። እጃቸው እስከ መጨረሻው አልተንቀጠቀጠም።

አቶ ሀብተወልድ እናታቸውን ወይዘሮ ተናኘወርቅን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጽጌሬዳን፣ ልጆቻቸውን ዓለሙንና ለተማርያምን፣ እኔን ታናሽ ወንድማቸውን አባይነህን ትተው ሄደዋል።

በሕጋችን ሰው ሲሞት ዋሱ ነጻ ይወጣል። ይህንኑ ትናንት ለአው ኢስሓቅ ሄጄ ነገርኳቸው፤ ስላደረጉልን ሁሉ አመስግኜ፣ ከእንግዲህ አብቅቷል፣ ዋስነትዎ ወርዷል አልኳቸው። ያን ቢሰሙም ዛሬ ከመካከላችን በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመዋል። የመለሱልኝን ቃል እንዳለ እንዳነበው ፈቅደውልኛል።

«እኔ አላወረድኩም። እዚያም ዋስ አምጣ ቢባል፣ ኢስሓቅ አለኝ ይበል።»

ቸሩ አምላክ ሆይ፣ ወንድማችን በፊትህ ሲቆሙ ይህን ዋስ ተቀበልላቸው፤ ነፍሳቸውንም ሰንሰለት በሌለበት አሳርፍልን። አሜን።