የእናትሽ ስልክ

ኅዳር 12፣ ማለዳ

የኔ ዓለም፣ ልጄ፣

ደህና ነሽ ወይ? የልጅሽስ ጉንፋን ለቀቃት? እኛ አለን። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ብለሽ እንዳትደነግጪ፤ ብቻ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ይህን የሚያደርስልሽ የጭነት መኪና ሹፌር የቆየ ደንበኛዬ ነውና እመኚው።

ባለፈው ሳምንት የልጅሽ አባት ፀጉር ቤቴ መጣ። ጥለሽው ከሸሸሽ ወዲህ ደጄን ረግጦት አያውቅም። ወንበሩ ላይ ተንጋሎ «ጺሜን ይላጩኝ አባባ» አለኝ። ምን ልበለው? አረፋውን ቀባሁት። ምላጩን አንገቱ ላይ ሳሳርፍ ዓይኑን እንደጨፈነ፣

«የልጄ የፊት ጥርስ ወለቀ አይደል?» አለ።

ይህን ለእናትሽ ብቻ ነው የነገርሻት።

«እኔ ምኑን አውቄ» አልኩት።

«ዳቦ ቤቱስ፣ ሥራው ተስማማት? ወሩ ሲያልቅ ዕረፍት እወጣለሁ። ሄጄ አያቸዋለሁ።»

ምላጩ ገና አንገቱ ላይ ነበር። ያኔ ምን እንዳሰብኩ አልጽፍልሽም። ላጭቼ፣ ፊቱን በፎጣ ጠርጌ ሸኘሁት።

እናትሽ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም ብላ ማለችልኝ። ስልኳን ይዤ አጠገቤ ያለው ስልክ ጠጋኝ ጋ ገባሁ። ገና እንዳየው ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ፣ ስልኩን እዚያው ትቶ ወደ ውጭ ጠራኝ።

«አባባ፣ ይሄ ስልክ ይሰማል» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፌቱ የእናትሽን ዓይን እንደጨረሰው ታውቂያለሽ፤ ያም ሰው ያውቃል። ከማታውቀው ቁጥር «ለደከመ ዓይን ፊደልና ፎቶ የሚያጎላ» የሚል አፕ ተላከላት። የልጅ ልጇን ፊት አጉልታ ለማየት ጓጉታ ጫነችው። ድምፅሽን ልስማ፣ ያለሽበትን ልወቅ፣ ስክሪንሽ ላይ ያለውን ሁሉ ልይ እያለ ይጠይቃታል። «አልፈቅድም» ስትል ጥፍት ይላል፤ ስትከፍተው ደግሞ ይጠይቃል። በመጨረሻ ቀይ ጽሑፍ መጣባት፦ «ስልክዎ አደጋ ላይ ነው፤ ለመጠበቅ ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ።» ደንግጣ ተጫነችው። እውነትም ያጎላል።

«ፊደል ለማጉላት ጆሮ ምን ያደርጋል?» አለኝ ጠጋኙ።

ፖሊስ ጋም ሄጄ ነበር። «ምን አደረገህ?» አሉኝ። ጺሙን ተላጨ እንጂ ምን አደረገኝ!

ጠጋኙ አፑን ላጥፋው ቢለኝ እምቢ አልኩ። ስልኩ ድንገት ዝም ቢል መንቃታችንን ያውቃል፤ ያን ጊዜ ወሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ስለዚህ እንደ ወትሮው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ስልኩ ፊት ስለ ጎረቤት ድመት እናወራለን። ቁም ነገር ሲኖረን ጓሮ ወጥተን፣ በገዛ ቤታችን እንደ ሌባ እንንሾካሾካለን።

እንግዲህ ስሚኝ። ቤቱን ልቀቂ። ሥራሽንም፣ የልጅቷን ትምህርት ቤትም፣ ስልክሽንም ለውጪ። ከእናትሽ ቁጥር የሚላክልሽን ምንም ነገር እንዳትከፍቺ። የምትሄጂበትን ለእኛ አትንገሪን፤ በወረቀትም ቢሆን። ካላወቅን አያመልጠንም።

ከመሄድሽ በፊት ግን እሁድ እንደ ልማድሽ ደውዪላት። እዚያው እንደምትኖሪ ሆነሽ ስለ ዳቦው አውሪ። ልጅቷ «አያቴ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ካለች እናትሽ «በቅርቡ» ትላለች፤ ዝም በያት። ጓሮ እየወጣች ስትለማመደው ሰምቻታለሁ። ከዚያ ወዲያ እስከ መቼ ድምፅሽን እንደማንሰማ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት። ስትስቅ ከሰማሽ፣ አብረሻት ሳቂ።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ከሚያሳድድሽ ዓይን ይሰውርሽ። የምታርፊበት ቤት ደግ ይሁንልሽ፣ ልጄ።

አባትሽ