ፋርቱን ከሐርላ ጠራችህ

ቡልቻ፣

ተኝተህ ስለነበር አልቀሰቀስኩህም። የሬዲዮ ማስተላለፊያው ባትሪ በደንብ አልታሰረም፤ ወደ ተራራው ተመልሻለሁ። ሩዝ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ።

ትናንት ነፋስ የጣለውን አንቴና ብቻዬን አቆምኩት። ትመጣለህ ብዬ ብዙ ጠበቅኩህ።
ይሁን።

ማስተላለፊያው ሥራ እንደጀመረ ቀድማ የጠራችው የወንድምህ የሙመድ ሚስት ፋርቱን ናት።

«ቡልቻ አለ?» አለች።

«የለም» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

«አኒስ፣ ቡልቻ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሙመድን የወሰደው ማስተላለፊያውን ሳልጠግን ቀርቼ ነው እያለ ራሱን እንደሚወቅስ ሰምቻለሁ። ሙመድ እኮ ጎርፉን በዓይኑ አይቶታል። ጎረቤታችንን ላውጣ ብሎ ነው የገባው። ሬዲዮ ጎርፍ መጣ ብሎ ቢያስጠነቅቀውም አይመለስም ነበር። ይህን ንገርልኝ፣ ወላሂ አልተቀየምኩትም በለው።»

ይኸው ነገርኩህ። ከዙህር ሶላት በኋላ ራሷ ትጠራሃለች። የእጅ ሬዲዮህን ቻርጅ አድርጌ ትራስህ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።

መልስ መስጠት ቢያቅትህ እንኳ አታጥፋባት። ቤቷ የሚመጣው ሰው ሁሉ እንዳታለቅስ እያለ የሙመድን ስም አይጠራም። እሷ ደግሞ ስለ እሱ ማውራት ነው የፈለገችው።

አኒስ