ወላጅ አምጪ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ መሐል ሜዳ

እጄ አብጦ ብዕር አልይዝ ብሎኛል። ቢሆንም ሳልጽፈው አልተኛም።

የስድስተኛ ክፍሏ ትርንጎ የሒሳብ መምህሩ በጎማ እንደገረፋት ትናንት ነገረችኝ። ጀርባዋ ሰንበር በሰንበር ሆኗል። የትምህርት ቤቱ የሕፃናት ጥበቃ ተጠሪ እኔ ነኝ። አባቷ አይተው መምህሩን አብረውኝ እንዲከሱ ብዬ "ነገ ወላጅ አምጪ" አልኳት። እዚህ አገር ወላጅ አምጣ የሚባለው ያጠፋ ልጅ ብቻ ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ እያወቅሁ እንዴት ከአፌ ወጣ?

ዛሬ አባቷ ከገጠር በእግራቸው መጡ። ትርንጎን አስከትለው ቢሮዬ ሲገቡ ሰላምታ እንኳ አልሰጡኝም። "አዋረድሽኝ" ብለው በዱላቸው ትከሻዋን አሏት። ወደቀች። ወድቃም ደገሟት። መሃል ስገባ ሦስተኛው ምት እጄ ላይ አረፈ።

"አባባ፣ እሷ ምንም አላጠፋችም፤ መምህሩ ነው የገረፋት" አልኳቸው።

ሹራቧን ገልጬ ጀርባዋን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "የታለ ሰውዬው?" አሉኝ።

ሰውዬው ከግድግዳው ወዲያ እያስተማረ ነበር፤ ድምፁ ይሰማናል። በሩን ቆልፌ በጀርባዬ ተደገፍኩት።

"ክፈቺልኝ፣ ልጄ። እለምንሻለሁ።"

አልከፈትኩም። ምነው በከፈትኩላቸው እያልኩ እስካሁን እብሰለሰላለሁ።

መምህሩ ከግቢው ከወጣ በኋላ ከፍቼላቸው ሲሄዱ፣ ትርንጎ አባቷን አስቀድማ ወደ እኔ ዞረች። ስትወድቅ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደምቷል።

"ቲቸር፣ ሁለተኛ ምንም አልነግርዎትም" አለችኝ።